በምርጫ ወራት ለምጽዋት ስለሚበቅል ሪዝ

በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ፎቶግራፉን በስልክ ላከልኝ። ይህ ልጅ ጢም ካበቀለበት ጊዜ ጀምሮ በየማለዳው ፊቱን አጥርቶ የሚላጭ ነበረና፣ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ሳሳ ብሎ የበቀለ፣ ግራው ከቀኙ የማይተካከል ሪዝ ባየሁበት ጊዜ አስቀድሜ ሳቅሁ። ከሳቅሁም በኋላ ደነገጥሁ። በአገራችን ሰው ዘመድ የሞተበት እንደ ሆነ ምላጭን ከፊቱ አርቆ ጠጕሩን ያሳድጋልና፣ በሰው አገር ሳለ ማን ሞቶበት ይሆን፣ እኛስ ሳንሰማ የቀረነው የማንን መርዶ ነው ብዬ ወዲያው ደወልሁለት። እርሱም «ጋሼ፣ የሞተብኝ ሰው የለም፤ ሰው እንዳይሞት ነው» ብሎ መለሰልኝ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በዚያው በሜልቦርን ከተማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሁለት ወዳጆች በመጠጥ ቤት ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ሪዝ ማሳደግ ከጊዜው ልማድ ወጥቶ መቅረቱን አንሥተው «መልሰን ብናመጣውስ?» ተባባሉ። ሠላሳ ሰዎችም ተስማምተው ኖቬምበር በሚባለው ወር ሪዛቸውን አሳደጉ። በዚያ ዓመት ነገሩ ቀልድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ቁጥራቸው ከ400 በላይ ሆኖ፣ ወዳጆቻቸውንና የሥራ ባልንጀሮቻቸውን «ስለ ሪዛችን ገንዘብ ስጡ» እያሉ 54 ሺህ የሚያህል የአውስትራልያ ዶላር ሰበሰቡና፣ ዛሬ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ ፕሮስቴታቸውን ለያዛቸው ወንዶች ለሚሠራው ማኅበር ሰጡ። ወሩንም «ሞቬምበር» አሉት፤ በአውስትራልያ ሰዎች አነጋገር ሪዝ በቁልምጫ «ሞ» ይባላልና። ዛሬ ሥራው ከ20 በሚበልጡ አገሮች ተሰራጭቶ ሚሊዮኖች ገብተውበታል፤ ከፕሮስቴትም ሌላ ስለ ዘር ፍሬ ነቀርሳና በጭንቀት ተይዘው ራሳቸውን ለመግደል ስለሚያስቡ ወንዶች ይደክማል።

ደንብም አለው። በወሩ መጀመሪያ ቀን ሁሉም ፊቱን ተላጭቶ ይጀምራል። ሪዙ ከጆሮ ግንድ ከሚወርደው ጠጕር ጋራ የተገናኘ እንደ ሆነ «ጢም ሆነ» ተብሎ አይፈቀድም፤ ወርዶ በአገጭ ላይ የተገናኘ እንደ ሆነም «የፍየል ጢም ሆነ» ይባላል። በዚያ ዓመት ወሩ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን ጀምሮ ኅዳር 21 ቀን ይፈጸም ነበርና፣ የወንድሜ ልጅ «እስከ ኅዳር ጽዮን ነው» እያለ ቀኑን ይቈጥር ነበር።

በዚሁ ወር ውስጥ ምርጫ ነበር። ዋና ከተማው ሜልቦርን የሆነው ቪክቶርያ የሚባለው ክፍለ አገር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር በመጨረሻው ቅዳሜ እንደራሴዎቹን ይመርጣል። ስለዚህ ይህ የሪዝ ልማድ በተወለደበት ከተማ የሪዙ ወርና የምርጫው ወር በየአራት ዓመቱ ይገናኛሉ። በ2022 ዓ.ም. የምርጫው ቀን ኖቬምበር 26 ዋለ፤ በእኛ ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (በአሜሪካ ደግሞ ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የመሪው ምርጫ ከወሩ ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ በሚመጣው ማክሰኞ እንዲሆን በሕግ ተወስኗል። በዚያ ጊዜ የባለ ሪዞቹ ፊት ገና የጥቂት ቀን ቡቃያ ብቻ ስለሚኖረው፣ ምጽዋት ይሁን ስንፍና ለይቶ የሚያውቅ የለም።)

በአውስትራልያ ድምፅ መስጠት በሕግ ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ስለዚህ በዚያች ቅዳሜ ልጁም ሪዙን ይዞ በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ተሰለፈ። በዚያ አገር ልማድ የተማሪዎች ወላጆች በምርጫው ቦታ ቋሊማ እየጠበሱ በመሸጥ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ሰውም በዋዛ «የዴሞክራሲ ቋሊማ» ይለዋል። ጾመ ነቢያት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና ልጁ ገንዘቡን ሰጥቶ ቋሊማውን ሳይቀበል ቢያልፍ፣ ሴትዮዋ ረስቶት የሄደ መስሏት በጩኸት ጠራችው። እርሱም ስለ ጾሙ አስረድቷት ከተመለሰ በኋላ፣ በደጁ ቆመው ሰው እንዴት እንደሚመርጥ የሚያመለክት ካርድ ከሚያድሉት አንዱ ወደ እርሱ ቀርቦ ሪዙን አየና «የእኛም እጩ እንዳንተው ለሕሙማን ሪዝ አሳድጓል፤ ወንድማማች ናችሁና ምረጠው» ብሎ ካርዱን ሰጠው። በካርዱም ላይ የእጩው ፊት ከነሪዙ ታትሞ ነበር።

በዚያው ማታ ልጁ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤ «ጋሼ፣ ሁለታችንም ለአንድ በሽተኛ ገንዘብ እንለምናለን። እንዲያውም እርሱ የታወቀ ሰው ስለ ሆነ ከእኔ አሥር እጥፍ ይሰበስባል። ካርዱን ባየሁ ጊዜ ግን ልቤን ቅር አለኝ። የእርሱ ሪዝና የእኔ ሪዝ በምን ይለያል? ወይስ ቅር ያሰኘኝ ቅንዓት ነው?»

ይህን ጥያቄ በሳቅ ለማለፍ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከእኔ ጋራ አደረ።

ጠጕር በሰው ፊት ላይ የተጻፈ ፊደል ነው። በአገራችን የሚያድገው ጠጕር አንድም የኀዘን ነው፤ አንድም የምንኵስና ነው፤ አንድም በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጐፈሬያቸውን አሳድገው በየዱሩ እንደ ተንከራተቱት አርበኞች የቃል ኪዳን ነው። እነዚህ ሁሉ በትርጓሜ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ጠጕሩ ባለቤቱን ለማስጌጥ አለመብቀሉ ነው። ስለ ሞተው፣ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ አገር በቀለ። እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ሪዝ ለእኛ እንግዳ ልማድ መስሎ ቢታይም፣ ስለ ሌላ ሰው ምላጭን መተው በአባቶቻችን ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

በምርጫ ወራት የሚበቅል ጠጕር ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1860 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር፣ በኒውዮርክ ክፍል በዌስትፊልድ የምትኖር ግሬስ ቤደል የምትባል የ11 ዓመት ልጅ፣ ለአሜሪካ መሪነት ለሚወዳደረው ለአብርሃም ሊንከን ደብዳቤ ጽፋ ጢሙን እንዲያሳድግ መከረችው። ምክንያቷም ፊቱ ቀጭን ስለ ሆነ ጢም ያሳምረዋል፣ ሴቶችም ጢም ስለሚወድዱ ባሎቻቸውን ያስመርጣሉ የሚል ነበር፤ በዚያ ዘመን ሴቶች ድምፅ አይሰጡም ነበርና። ሊንከን በጥቂት ቀን ውስጥ በመለሰላት ደብዳቤ ጢም አብቅሎ እንደማያውቅ ነግሮ፣ አሁን ብጀምር ሰዎች ከንቱ ማስመሰል ነው አይሉኝምን የሚል ጥያቄ አቀረበላት። ምርጫውም ኖቬምበር 6 ቀን ሆኖ አሸነፈ። ጢሙ ማቈጥቈጡ የሚታይበት ፎቶግራፍ ግን የተነሣው ከዚያ በኋላ ኖቬምበር 25 ቀን ነው። ልጅቱ ጢሙን ለድምፅ ፈለገችለት፤ እርሱ ግን በታሪክ የታወቀበትን ጢም የያዘው ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ነው። ይህን ያደረገው በጥበብ ይሁን በስንፍና እኔ አልፈርድም፤ ነገር ግን «አሁን ብጀምር» ያለው ፍርሃት የንጹሕ ልብ ፍርሃት ይመስለኛል።

ምጽዋትን በስውር ስለ ማድረግ በወንጌል የተሰጠው ትእዛዝ ለአንባብያን የታወቀ ነው። ስለዚህ የሞቬምበርን ነገር የሰማ ካህን ሁሉ «በአፍንጫ ሥር የተለጠፈ ምጽዋት በገበያ መካከል መለከት ከመንፋት በምን ይለያል?» ማለቱ አይቀርም። እኔም አስቀድሜ እንዲሁ ብያለሁ። ዳሩ ግን ትእዛዙ ምን እንደሚሰውር አጥብቀን ብንመረምር፣ የሚሰወረው የሰጪው ክብር ነው እንጂ የተቀባዩ ሕመም አይደለም። ምጽዋት በተሰወረ ጊዜ ይከብራል፤ ሕመም በተሰወረ ጊዜ ይገድላል። ሁለቱን ስውሮች አንድ አድርገን ስለ ያዝናቸው ብዙ ሰው ሞቶብናል።

ይህን ስናገር በልቤ ያሉት ቅኔ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። እኒያ አባት ሌሊት ሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እየተነሡ ይወጡ ነበር። እኛ ደቀ መዛሙርት በየጎጆአችን ተኝተን የበራቸውን ሲጢጥታ በሰማን ጊዜ «ለጸሎት ተነሡ» እንባባል ነበር፤ ስለ ትጋታቸውም እርስ በርሳችን ስናወራ ውለናል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወገባቸውን አመማቸው፤ ብርድ ነው አሉ። መራመድ ባቃታቸው ጊዜ በግድ ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ መርምሮ ነቀርሳው ከፕሮስቴት ተነሥቶ ወደ አጥንት መግባቱን ነገረን፤ እርሳቸውንም «ሽንት ካስቸገረዎት ስንት ጊዜ ሆነዎ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። የአንዱን ቃል ሰባት ትርጓሜ ሳይታክቱ የሚያወርዱ ሊቅ ለዚህ ነገር አንድ ቃል አጡለት። ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖሩ።

በደሉ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዛፍ ሥር ቆመው ሲጨነቁ አይቻቸው ነበር። ዓይኔን መለስሁ፤ በሌላም መንገድ ዞሬ ሄድሁ። አክብሮት መሰለኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያን ዛፍ ባየሁ ቍጥር መንገዴን እለውጣለሁ።

ፕሮስቴት ማለት በወንድ ብቻ የምትገኝ፣ ከፊኛ በታች የሽንትን መውረጃ ከባ የተቀመጠች ዕጢ ናት። የእርሷ ነቀርሳ በዓለም ወንዶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች በብዛት ሁለተኛው ነው። ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ምልክት በሰጠ ጊዜም ወንድ ልጅ ያፍራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ በዚህ በሽታ ግን የምንደብቀው በሽታውን ብቻ ሳይሆን የበሽታውን ስፍራ ስም ጭምር ነው።

የቅኔ ልጅ ስለ ሆንሁ ሪዙን በሰምና በወርቅ አየዋለሁ። ሰሙ ያ አስቂኝ ጠጕር ነው፤ ወርቁ ስሙ የማይጠራው በሽታ ነው። አንጥረኛ ወርቁን ሲያፈስስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ እንዲሁም ወሩ ሲፈጸም ብዙዎቹ ሪዙን ይላጩታል። አላማሩምና መሳቂያ ይሆናሉ፤ መሳቂያም ስለ ሆኑ ሰው ደፍሮ «ይህ ምንድር ነው?» ይላቸዋል። የሚያኰራ ነገር ቢያደርጉ ኖሮ ሰው አመስግኗቸው ያልፍ ነበር እንጂ አይጠይቃቸውም። መልካሙ ሥራ ከውርደት ጋራ ተዛምዶ ስለሚመጣ፣ ለውዳሴ የሚቀረው ስፍራ ጥቂት ነው።

ይህም በቤታችን ሆኖ ታየ። የልጁ አባት፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ያን ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ ሊቈጣው ደወለ። «ምን ሆነህ ነው ይህን የአይጥ ጅራት የሚያህል ነገር ከከንፈርህ ላይ የለጠፍኸው?» አለው። ልጁም ስለ በሽታው ሁሉን ነገረው። ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ልጁ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ «እኔም ሌሊት አራት ጊዜ እነሣለሁ» አለው። ይህን ለእኔ፣ ለታላቅ ወንድሙ፣ በአንድ ከተማ ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ወደ ሐኪም ሄዶ ቢመረመር ዕጢዋ በዕድሜ ምክንያት አብጣ ተገኘች እንጂ ነቀርሳ አልነበረበትም፤ መድኃኒት ታዘዘለት፤ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል። በሺህ ሜልቦርን ርቀት የበቀለ ጠጕር፣ እኔ በአጠገቡ ተቀምጬ ያላወጣሁትን ቃል አወጣው።

ይህን ስል የወሩ ሥራ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ሪዝ ከማሳደግ አልፎ በሽታውን ያላወቀ ሰው ሌላውን «ሂድና ተመርመር» ብሎ ቢያስጨንቅ ጕዳት አለው። የደሙ ምርመራ ፍጹም ዳኛ አይደለምና፤ ቀስ ብሎ የሚያድገውን፣ ሰውየውን ሳይገድል አብሮት የሚያረጀውን ነቀርሳ ጭምር ያመለክታል። ሳያስፈልጋቸው በቢላዋና በጨረር ታክመው ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ስለ ጥቅሙና ስለ ጕዳቱ ከሐኪም ጋራ መነጋገር ይገባል።

አሁን ወደ እጩው እንመለስ። የተሰበሰበውን ገንዘብ የተመለከትን እንደ ሆነ ልጁ እውነት ብሏል፤ ከሁለቱ ብዙ የሰበሰበው ይበልጣል፤ በሽተኛውም የመድኃኒቱ ገንዘብ ከማን ሪዝ እንደ መጣ አይጠይቅም። ነገር ግን ኅብር በሚባለው የቅኔ መንገድ አንድ ቃል ሁለት ነገር እንደሚሸከም፣ የእጩው ሪዝ «ለሕሙማን ስጡ» ይላል፤ «እኔን ምረጡ» ደግሞ ይላል። የተለመነውም ሰው የሰጠው ለየትኛው እንደ ሆነ ራሱ ለይቶ አያውቅም፤ የሚለምነው ሰው ነገ ባለ ሥልጣን ሊሆን ይችላልና። እንግሊዞች ይህን የሰው ልብ ድካም ስለሚያውቁ በ1883 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ፣ እጩ ለመራጭ በመብልና በመጠጥ ልቡን እንዳይገዛ ከልክለዋል። ሪዝ መብል አይደለምና ሕግ አያገኘውም፤ የሚያገኘው ኅሊና ብቻ ነው። ካርዱንም ልጁ አገላብጦ ቢያየው፣ የእጩው ስምና ተስፋው ተጽፎበታል እንጂ ስለ በሽታው አንድ ቃል አልነበረበትም። እንግዲህ እጩው ትእዛዙን ገልብጦታል፤ ሊሰወር የሚገባው ታየ፣ ሊታይ የሚገባውም ተሰወረ።

ዳሩ ግን በሩቅ አገር እጩ ላይ ብቻ ድንጋይ መወርወር አያምርብንም። በየደብሩ ጃንጥላና መጋረጃ ሲሰጥ የሰጪው ስም በጕልህ ፊደል ተጠልፎ አይተናል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ካልተነበበለት የሚያኰርፍ ምእመንም አይጠፋም። ያን ስም የሚያነበው ደግሞ እኛው ነን። እኔ ራሴ ብዙ የሰጠውን ሰው ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጥቂት የሰጠችውን ባልቴት ስም ፈጠን አድርጌ እንዳነበብሁ አልክድም። የሚቀጥለው ባለጠጋ ሰምቶ እንዲጨምር ብዬ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንም ጨምሯል። እጩውም ቢጠየቅ ይህንኑ ይመልስ ይሆናል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጁ እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፤ «ልጄ ሆይ፣ ልዩነቱን በገንዘቡ አትፈልገው። አንተ የሰበሰብኸውን ቍጥር ለማንም አትንገር፤ ስለ በሽታው ግን ለጠየቀህ ሁሉ ሳታፍር ተናገር። ቅንዓት እንደ ሆነ የጠየቅኸኝን በተመለከተ፣ ጥቂት ቅንዓት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ንስሐ ግባበት። የእጩውን ሪዝ ደግሞ በዚህ ፈትነው። ድምፅ መስጫው ትናንት በ12 ሰዓት ማታ ተዘግቷል፤ ወሩ ግን ገና አልተፈጸመም። ሪዙ ከወሩ በፊት ከወደቀ ለማን በቅሎ እንደ ነበር ታውቃለህ።» መልሴን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ደስም አለኝ።

ኅዳር 20 ቀን ማክሰኞ የልጁ ጽሑፍ ደረሰኝ። እጩው አልተመረጠም። በዚያን ቀን ማለዳ ልጁ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩበት በፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ አገኘው። ካርድ የሚያድልለት ሰው አብሮት የለም፤ ኮቱን ደርቦ ብቻውን ቆሞ ባቡር ይጠብቃል፤ የሚያውቀውም የሚመስል ሰው በዙሪያው አልነበረም። ሪዙ ግን እንዳለ ነበረ። ልጁ አፍሮ ሊያልፍ ሲል እጩው አየውና በጣቱ የራሱን ከንፈር፣ ቀጥሎም የልጁን ከንፈር አመልክቶ «አንድ ቀን ቀረን» አለው።

የጻፍሁትን መልስ እንደ ገና አውጥቼ አነበብሁት። ሪዙ ከወደቀ ምን ማለት እንደ ሆነ ጽፌ ነበር፤ ሳይወድቅ ቢቀር ግን ምን ማለት እንደሚሆን አንድ መስመር ስንኳ አልጻፍሁም ነበር።